ባሕታዊው የወጣላት ልጅ

በቀልባር ተራራ ይነድ የነበረው የአባቶች እሳት በተሰረቀ ዕለት፣ የአገሩ ምድጃ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ቢፋጭ፣ እንጨት ቢታሽ፣ እሳት አልወለድ አለ። ሕዝቡ ጥሬ ቆረጠመ፤ ብርዱም ሽማግሌዎቹን ይለቅም ጀመር። አዋጅ ነጋሪዋ እሜቴ ወርቂትም እግሯ ደንዝዞ አልጋ ላይ ዋለች። ልጇ ሐመራ ሥራዋን ወርሳ፣ ሸለቆ በሚሻገረው ድምፅዋ የሟቾችን ስም ስትለፍፍ ከረመች። የእናቷ ተራ መድረሱ ሲገባት ግን፣ ሌባውን ሞጋርን ልትገጥም ተነሣች። ሞጋር የሰው ድምፅ የሚለብስ የዋሻ አውሬ ነው።

በቀልባር ማንም ሳይዘምት በፊት በንጉሡ ፊት ሥዕል ያለበት የዕጣ ካርታ ያነሣል። ለሐመራ የወጣው ፋኖስ የያዘው ሽማግሌ፣ ባሕታዊው ነበር። አዳራሹ አጉረመረመ። የቀልባር ዘማች ወገቡን ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ ነው የሚወጣው፤ ባሕታዊው የወጣበት ግን ብቻውን የሚሄድ ከዳተኛ ተብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

«ተቀመጪ!» አለ ንጉሥ ድልማር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ድሩማ አበረ፣ ጃንሆይ! ጀግኖችዎ ተሳስረው ወጡ። ሞጋር አንዱን በሚስቱ ድምፅ ጠራው፤ እሱም ወደ ገደሉ ሲሮጥ ሁሉንም ጎትቶ ወረደ። ይህ ሽማግሌ ግን ፋኖሱን የያዘው ለገዛ እግሩ ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ። እናቴ ትሙት፣ እሳቱን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም!»

እናቷ የምታጣጥር ሰው እንዲህ ብሎ አይምልም። እሷ ግን ማለች።

«ብትሄጂ ስምሽ በዚህ አገር አይነሣም» አለ ንጉሡ።

መንገድ መሪው ኩርባዝ ብቻ ገመድ ሳይታሰር ተከተላት። «የምመጣው በቅሎሽ እምቢ ስትልሽ የሚገፋት ስለሚያስፈልግሽ ነው» አላት። የዋሻው በር ሲደርሱ፣ ጆሮውን በሱፍ ደፍኖ እንዲጠብቃት አዝዛ፣ ጦሯን ይዛ ገባች።

ሞጋር በእናቷ ድምፅ ጠራት፤ አልዞረችም። ከዚያ የራሷን ድምፅ ለበሰ።

«ሐመራ፣ እውነቱን ልንገርሽ? የመጣሽው ለእናትሽ አይደለም። ስምሽ በአዋጅ እንዲነገርልሽ ነው።»

ሐመራ ቆመች። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ልቧን ወጋው። ደግነቱ ኩርባዝ ወሬ ሲያጣ፣ በዚያ ሁሉ ጭው ባለ መንገድ ይህንኑ ነገር ከራሷ ጋር ስትሟገተው ሰንብታለች።

«አዎ፣ ሙገሳ እወዳለሁ። እናቴንም እወዳለሁ። ሁለቱም የእኔ ናቸው። ሌላ ካለህ አምጣ!»

አውሬው አፈገፈገ። ሲሳዩ ሰው ከራሱ የሚደብቀው ነገር ነበርና፣ ከሐመራ የሚበላው አጣ። ዓይኗ እያየ ከሳ።

«ብትገድይኝ ይህ ድምፅሽ አብሮኝ ይቀበራል» አለ።

ሐመራ ፈራች። ድምፅዋ እንጀራዋም ኩራቷም ነበር። ጦሯን አጥብቃ ያዘችና «እንግዲያው ጠግበህ ስማው!» ብላ ዋሻው እስኪናጋ ጮኻ ደረቱ ላይ ሰካችው። የተሰረቀውን እሳት ፍምም በገል ይዛ ወጣች። ኩርባዝ ሱፉን ከጆሮው አውጥቶ «ተሳካልሽ?» ሲላት፣ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሱም ገብቶት አለቀሰ።

በአደባባዩ ላይ እሳቱ ዳግመኛ ነደደ፤ ሕዝቡ እጁን ሊያሞቅ ተጋፋ። ንጉሡ ግን ባሕታዊው የወጣባትን ላለማክበር «እሳቱን ያመጣው ኩርባዝ ነው ተብሎ ይታወጅ» አለ።

«እኔ? እኔ እኮ በቅሎ ስጠብቅ ነበር!» አለ ኩርባዝ።

«እሷ ከሆነች ራሷ ትናገራ!» አለ ንጉሡ።

ሐመራ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ንጉሡ ፈገግ አለ። ይህን ጊዜ ጎረቤት ተሸክሞ እሳቱ ዳር ያስቀመጣት እሜቴ ወርቂት፣ በሰው ትከሻ ተደግፋ ቆመች።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ባሕታዊው የወጣላት ልጄ ሐመራ ብቻዋን ዋሻው ገባች፤ ብቻዋን አመጣችው! ጃንሆይ ከፈለጉ ምላሴን ይቁረጡት፤ አዋጁ ግን ወጥቷል!»