የኤውላሊያ ገንቦ

ክሬሴንሲዮ በሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ በገዛ አልጋው ላይ ሆዱን ጨብጦ ሲንፈራገጥ አድሮ ሞተ። መርማሪዋ ኦፌሊያ ከሞሬሊያ ከተማ ስትደርስ፣ የሟቹ እናት ኤውላሊያ ምራቷን ዜናይዳን በጣቷ እያመለከተች ጠበቀቻት።

«መርዛ የገደለችው ይህችው ናት። እሰሪልኝ!»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፤ ማሰሩ አይጠፋኝም» አለች ኦፌሊያ። ደጁን ጎረቤቱ ዱላ ይዞ ከብቦታል። እውነቱ ሳይታወቅ ዜናይዳ ብትወጣ በሕይወት አታልፍም፤ ኦፌሊያ ይህን ስታስብ ተናደደች።

የሬሳውን ከንፈር ገለጠች። ድዱ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየ። የዜናይዳንም ድድ አየች፤ ንጹሕ ነው።

«ከታመመ ቆየ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ሆዱን ይቆርጠው ነበር» አለች ዜናይዳ። «ኋላ እጁ ከአንጓው ተልፈሰፈሰ። ማንኪያ መያዝ አቃተው።»

«በጥቂት በጥቂቱ ሰጠችዋ! በዚያ በከተማ ብረት ድስቷ!»

«ከዚያው ድስት እኔም እበላለሁ። እሱ ለብቻው የሚጠጣው የሎሚ ውኃውን ነው። እሱን ደግሞ እሳቸው ናቸው የሚያዘጋጁት።»

«አዎ፣ እኔ!» አለች ኤውላሊያ። «አንቺን ፈርቼ! ማታ ጨምቄ፣ ራሴ በሠራሁት ገንቦ ከድኜ፣ ራስጌዬ አሳድረዋለሁ። ማንም አይነካውም።»

ኦፌሊያ ገንቦውን አስመጣች። የውጭው ቅብ ያብረቀርቃል። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ሻካራ ነው።

«እቶኑን የሚያነደው ማነው?»

«እኔ» አለ የሟቹ ወንድም ሩቲሊዮ። «እንጨት ውድ ነው። ቅቡ ካበራ ዕቃውን ቶሎ አወጣዋለሁ።»

ያኔ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ቅባችሁ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለበት። በደንብ ካልተቃጠለ ሎሚ ይበላዋል። የገንቦው የውስጥ ቅብ የሻከረው ለዚህ ነው። ውኃው ባደረ ቁጥር እርሳሱን ይዞ ያድራል። የድዱ መስመርና የላላው እጅ የእርሳስ ምልክት ናቸው፤ ምርመራውም ያረጋግጠዋል። ሚስቱ ከገንቦው አልጠጣችም፤ ድዷም ንጹሕ ነው። መርዝ ልጨምር ብትል እንኳ በየት በኩል? መንገዱን ሁሉ የዘጉት እርስዎ ነዎት እትዬ።»

ወደ ሩቲሊዮ ዞረች። «በዚህ ቅብ የተሠራ ዕቃ ከእንግዲህ ምግብም መጠጥም አይያዝበት። ደጅ ላሉትም ንገራቸው፤ ዱላቸውን ጥለው ማጀታቸውን ይፈትሹ።»

«ውሸት!» ኤውላሊያ ተነሣች። «የእጄ ሥራ ልጄን አይገድልም!» ገንቦውን አንሥታ የተረፈውን የሎሚ ውኃ ልትጠጣ አፏ ላይ ደቀነችው።

ዘላ የነጠቀቻት ዜናይዳ ነበረች።

«ልቀቂኝ፣ አንቺ ሰይጣን!»

«አልለቅዎትም! ባሌን ቀብሬ ደግሞ እርስዎን ላስታምም?»

ኤውላሊያ «ልጄን! ልጄን!» እያለች የምራቷን ደረት በጡጫ ትደበድብ ጀመር። ዜናይዳ እየተመታች ደግፋ ያዘቻት።