ከጉብታው የመጣ አፈር

ይህን የምጽፍላችሁ በራሴ ቤት የደረሰውን፣ በራሴ ዓይን ያየሁትን ነው። ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየማችሁም... እኔም ልጄን በእጄ ባልይዘው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሰዓቱ ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት።

በሰሜን ሱዳን፣ በዶንጎላ በኩል፣ ዓባይ ዳር ባለችው መንደራችን በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም።

አራስ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ሳቲ ገና አንገቱ አልጠናም።

ባለቤቴ ኸድር የአራስ ክፍሌን ግድግዳ እንደ አዲስ ለስኖልኝ ነበር። አፈሩን ግን እንደ ሰው ሁሉ ከወንዝ ዳር አላመጣውም። ከመንደሩ ጀርባ ካለው ጉብታ ቆፈረው። እዚያ ሥር የጥንት ክርስቲያን ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል።

እናቱ ሐጃ ሸያ ጭነቱን ሲያዩ አህያው ፊት ቆሙ።

"አንተ ልጅ! ካርቱም ሥራ ብለህ ሄደህ ጭንቅላትህን እዚያው ረስተኸው መጣህ?"

"እማ፣ አፈር አፈር ነው። ደግሞ ይሄኛው አይሰነጠቅም።"

"ባለቤት ስላለው ነዋ!"

ኸድር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እኛ አገር ፀሐይ ጭቃን በአንድ ቀን ታደርቃለች። ያ ግድግዳ ግን አልደረቀም። ከአልጋዬ ትይዩ፣ ሰው የሚያህል ቦታ እርጥብ እንደሆነ ቀረ።

መጀመሪያ ሁለት ዓይኖች ወጡበት...

"ጥላ ነው፤ ተኚ" አለኝ ኸድር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ዘውድ። ቀጥሎ ትከሻ።

ሴት ናት። ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ክንዶቿን አጥፋለች።

እቅፏ ግን ባዶ ነው።

ልጄን ወደ ደረቴ ሳስጠጋው አገጬን የሆነ ነገር አረጠበው። ቀይ ቀለም። ጭንቅላቱን ዙሪያውን የዞረ መስመር... ገና ያልደረቀ።

አማቴን ጠራኋቸው።

"ሐጃ፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ የቀቡት?"

እስላም ብንሆንም ለአራስ ልጅ ግንባር ላይ መስቀል ማድረግ ከአያቶቻችን ወርሰናል። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ያደርጉለት ነበር።

"እኔ በጥላሸት ነው የማደርገው" አሉ። ቀለሙን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ድምፃቸው ወረደ። "ይሄ ዘውድ ነው፣ ልጄ። አንቺ ወንድም አለሽ?"

"የለኝም። ያውቃሉ እኮ።"

አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ አንሾካሾኩ።

"እነዚህ ነገሥታት ስንት አገር ገዝተዋል። የመጣባቸውን ጦር በቀስት ዓይን ዓይኑን እየመቱ ይመልሱት ነበር። ዙፋኑ ለንጉሡ ልጅ አይወርድም፤ ለእህቱ ልጅ ነው። የበላቸውም ይኸው ሕግ ነው። አጎትና የእህት ልጅ ተጣሉ። ወጣቱ አጎቱን ለመጣል የግብፅን ጦር ጠራ። ነገሠ... የጠራው ጦር ግን እጁን አላነሣም። ከዚያ ሌላው ነገሠ፣ ሌላውም ወደቀ... በመጨረሻ የሚነግሥ የእህት ልጅ ጠፋ።"

"ታዲያ እኛ ምን አገባን?"

"የእህት ልጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ያ ልጄ ደግሞ ቤታቸውን አምጥቶ አልጋሽ ፊት ለጠፈላቸው!" ብድግ አሉ። "ዛሬውኑ ወደ እናትሽ መንደር ትሻገሪያለሽ።"

"አርባ ቀኔ ሳይሞላ?"

"አርባውን ለማን ልትሞዪው ነው፣ ልጁ ከተወሰደ?"

ኸድርን ሊጠሩ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ።

"እህቴ..."

የወንድ ድምፅ ነው። በሩን አየሁ። ማንም የለም።

"እህቴ... ልጃችንን አምጪው።"

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ነው።

"እኔ... እኔ ወንድም የለኝም" አልሁ በሹክሹክታ።

"አሁን አለሽ።"

ቀና ስል የሴትዮዋ ክንዶች ተዘርግተዋል። ወደ እኔ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጫማ የለኝም፣ ነጠላ የለኝም። ልጄን ብቻ ይዤ በሚያቃጥለው አሸዋ ላይ ሮጥሁ። ኸድርና ሐጃ ከኋላዬ ደረሱብኝ። ወደ እናቴ መንደር የሚያሻግረን ጀልባ ላይ ወጣን።

ኸድር ፊቱን ወደ ማዶ አድርጎ ሸራውን ይዟል። ሐጃ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ሳቲ ከቤት ጀምሮ ትንፋሽ እስኪያጥረው እያለቀሰ ነበር።

ወንዙ መሃል ስንደርስ... ዝም አለ።

ፊቱን ሳይ እኔን አያየኝም። በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ነው የሚያየው።

ዞርሁ።

ትተነው የመጣነው ዳርቻ ባዶ አልነበረም። ከውኃው አፋፍ እስከ ጉብታው ድረስ ቀስት ያነገተ ሰው ሞልቷል... ድምፅ የለም። ሁሉም ተንበርክከው ግንባራቸውን አሸዋው ላይ ደፍተዋል።

ልጄ ትንሿን እጁን ከጨርቁ ውስጥ አወጣ። ቀስ ብሎ ከፍ አደረጋት...

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ።