አርባው ሳይወጣ የተበላ አምባዛ

መብራቱ ጠፋ? ይጥፋ። ሻማዋን ብቻ ከፊቴ ዞር አድርጉልኝ፣ ዓይኔን ትወጋኛለች። ተጠጉ። ፈሪ መሐል ይግባ፣ ደፋር ዳር ይቀመጥ። የሚያቋርጠኝ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ፤ እኔ ጀምሬ የማቆም ሰው አይደለሁም።

ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ልትወርዱ ነው አሉኝ። መንጠቆውን ገዝታችኋል፣ ኳሱን ነፍታችኋል፣ ዳርቻው ላይ አሳ አስጠብሰን በዳጣ እንበላለን ብላችሁ ካሁኑ ምራቃችሁን ትውጣላችሁ። ለእኔም መኪናው ውስጥ ቦታ ይዛችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን አልሄድም። ለምን አልሄድም? ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ድሮ ነው። በአንድ የሐይቅ ዳር መንደር አንድ ሰው ነበረ። የመንደሩን ስም አልጠራውም፣ የሰውየው ስም ግን ጓንጉል ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ጓንጉል በደንገሉ መሐል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ወዲህ ደንገል፣ ወዲያ ደንገል። ትከሻው ላይ ጆንያ አለ። ጆንያው ውኃ ያንጠባጥባል። ይሄዳል። ከኋላው ደግሞ ሌላ ሰው ይሄዳል። ቸፍ፣ ቸፍ፣ ቸፍ። የረጠበ እግር ድምፅ ነው። ጓንጉል ቆመ፣ ድምፁም ቆመ። ጓንጉል ዞረ። ማንን አየ? ማንንም አላየም። መንገዱ ላይ ግን ሁለት የእግር ዱካ አለ። አንዱ የእሱ ነው። ሌላውስ?

ጆንያው ውስጥ ምን ነበር? አምባዛ ነበር። አምባዛን ታውቁታላችሁ፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጺም ያለው፣ ጭቃ ለጭቃ የሚሄድ አሳ። ሌላ ቦታ ቅርፊት የለውም ብለው አይበሉትም። የዚያ መንደር ሰዎች ይበሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ አይበሉትም። ሰው ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ሬሳው ካልተገኘ፣ አርባው እስኪወጣ ድረስ አምባዛ አይበላም። በመረብ ቢያዝ እንኳ ይመለሳል። ለምን? አምባዛ ያገኘውን ይበላላ! ያገኘውን ሁሉ። ገባችሁ?

በዚያን ጊዜ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ የቀረ ሰው ነበረ። ከቀረ ገና አስራ ሁለት ቀኑ ነው። በዳሶ ይባላል፣ የጓንጉል ሽርካ ነው። ሁለቱ አንድ ታንኳ ነበራቸው፣ ዳርቻው ላይም ከሾላው ሥር አንድ የአሳ ቤት። ቅዳሜና እሑድ የከተማ ሰው ይመጣል። ይዋኛል፣ መንጠቆ ይጥላል፣ በታንኳ ይዞራል፣ ከዚያ ትልቁን ትሪ ከብቦ ይበላል። የመጣው ሁሉ የሚጠይቀው ታዲያ በዳሶን ነው። «በዳሶ የለም? በዳሶ ይቅዘፈን! በዳሶ ይጥበስልን!» ጓንጉልን ማንም አይጠራውም። ቅናት ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚያበስለው ልጆች። አበሰለው።

አንድ ጠዋት መረብ ሊያነሱ ወጡ። በዳሶ ጎንበስ ብሎ መረቡን ሲስብ ጓንጉል መቅዘፊያውን አነሳና ማጅራቱን መታው። በዳሶ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ሞተ? አልሞተም። ብቅ አለ። በደም የተሸፈነ ፊቱን አነሳና በግራ እጁ የታንኳውን ጠርዝ ያዘ። በዳሶ ግራኝ ነበር። የሚቀዝፈው በግራ ነው፣ የሚበላውም በግራ ነው።

«ጓንጉል፣ ምን በደልኩህ?» አለው።

ጓንጉል ምን መለሰ? የአሳ ቢላውን አወጣና ጠርዙን የያዙትን ጣቶች መታቸው። አንዴ መታ። ሁለቴ መታ። ጣቶቹ ታንኳው ውስጥ ቀሩ፣ በዳሶ ወደ ታች ሄደ። ጣቶቹንም ለቅሞ ጣላቸው። ከዚያ ታንኳውን ገልብጦ እየጮኸ ዋኝቶ ወጣ። «ጉማሬ ገለበጠን!» አለ። ሰው አመነው። ጉማሬ ስንቱን ገልብጧል፣ ለምን አያምኑት?

ይህን ማን ነገረህ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ትደርሱበታላችሁ።

በዳሶ ሚስት ነበረችው፣ አስካለ የምትባል። ሰው ሊያስተዛዝናት ሲመጣ አስካለ አላለቀሰችም። «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም፣ ሳልቀብረው አላርፍም» አለች። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ዳርቻው ላይ ትቀመጣለች። ጭኗ ላይ የታጠፈ አቡጀዲ አለ፣ መገነዣው ነው። ታንኳ በመጣ ቁጥር ተነስታ ትጠይቃለች። «አላገኛችሁትም?» የለም ይሏታል። ትቀመጣለች። አንጀት ትበላ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏን መቅበር።

በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ስድስት ጓደኛሞች ከከተማ መጡ። ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ዋኙ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ መንጠቆ ጣሉ። አንዳች አልያዙም። ጓንጉልም መረቡን አነሳ፣ ባዶ። ደግሞ አነሳ፣ ባዶ። አመሻሹ ላይ እንግዶቹ ተራቡ። ተካልኝ የሚባል አንድ ወፍራም ሰው ነበረ፣ እሱማ ትሪውን ራሱን ሊበላው ደርሷል። «በዳሶ ቢኖር ይሄኔ ጠግበን ነበር!» አለ።

ይቺ ቃል ጓንጉልን ወጋችው። ገድሎትም አልተገላገለውም። ተነስቶ ራቅ ብሎ ወዳለው መረብ ሄደ። መረቡ ሞልቷል። በምን? በአምባዛ። ቆሮሶ የሚሉት ነጭ አሳ አንድም የለበትም፣ አምባዛ ብቻ። የሰባ፣ ሆዱ የተነፋ አምባዛ። ጓንጉል ምን ማድረግ ነበረበት? መመለስ ነበረበት። አልመለሰም። ደንገሉ ውስጥ ተደብቆ ቆዳውን ገፈፈ፣ አጥንቱን አወጣ፣ ሥጋውን በጆንያ ተሸከመ። በዚያች መንገድ ሲሄድ የነበረው እንግዲህ ያኔ ነው። ቸፍ ቸፍ ሲል የነበረውንም አሁን ታውቁታላችሁ።

ዱቄት ነስንሶ ጠበሰው። «ነጭ አሳ ነው፣ ብሉ» አለ።

ስድስቱ ትሪውን ከበቡ። በዳጣ ያጠቅሳሉ፣ በሎሚ ያሹታል፣ ይበላሉ። ተካልኝ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ ጓንጉል ዘረጋ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ በሞቴ!»

«ጥርሴን አሞኛል።»

«ባለቤቱ ያልቀመሰውን እንግዳ ይበላል እንዴ? በሞቴ አፈር ስሆን!»

«አልበላም አልኩህ!» ብሎ ጮኸ።

ጉርሻ ይመለሳል? አይመለስም። ተካልኝ የተዘረጋ እጁን አየና ጉርሻውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረው። ወደ ግራው። ወደ አፉም ወሰደው። ጓንጉል አየና ሳቀ፣ ሰክሯል ብሎ። ከአጠገቡ ያለውም በግራው አነሳ። ሦስተኛውም። ስድስቱም በግራ እጃቸው እኩል ያነሳሉ፣ እኩል ያጠቅሳሉ፣ እኩል ያኝካሉ። ማንም አያወራም። ከአፋቸው ጥግ ውኃ ይወርዳል። ምራቅ አይደለም፣ ውኃ ነው፣ የሐይቅ ውኃ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል።

ከዚያ እኩል ማኘክ አቆሙ። እኩል ቀና አሉ። በአንድ ድምፅ፣ የስድስቱም ባልሆነ ድምፅ፣ እንዲህ አሉ።

«አስኩ፣ ዳጣው ጨው አነሰው።»

አስካለ ከዳርቻው ተነሳች። አስኩ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መጣች። ፊታቸውን ተራ በተራ አየች።

«በዳሶዬ፣ የት ነህ?» አለች።

ተካልኝ ሆዱን ይዞ «እዚህ ነኝ» አለ። ሁለተኛው ሆዱን ይዞ «እዚህም ነኝ» አለ። ሦስተኛው «እዚህም።» አራተኛው «እዚህም።» አምስተኛው። ስድስተኛው።

አስካለ ትሪውን አየች። እሳቱ ዳር የወደቀውን ጆንያ አነሳችና ዘቀዘቀችው። ጓንጉል ሳያየው ከሥጋው ጋር የገባ አንድ ጺም ያለው የአምባዛ ራስ ወደቀ። ያኔ ገባት። አልጮኸችም።

«ማነው የገደለህ?»

ስድስት ግራ እጆች ተነሱ። ስድስቱም ወደ ጓንጉል አመለከቱ። ስድስቱም አፎች ሁሉን ተናገሩ፣ መቅዘፊያውን፣ ቢላውን፣ ጣቶቹን። ማን ነገረህ ላላችሁኝ፣ ነጋሪው እንግዲህ በዳሶ ራሱ ነው።

ጓንጉል ወደ ታንኳው ሮጠ። ያዙት። ወረወሩት፣ ክንዱን ረገጡት፣ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ተካልኝ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ጓንጉል ጥርሱን ገጠመ። በቢላው እጀታ መቱት፣ ጥርሱ ረገፈ፣ አፉ ተከፈተ። ከትሪው የተረፈውን አጎረሱት። አንድ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ደገሙት። ደም ከዳጣ ጋር በአገጩ ወረደ። አፍንጫውን ያዙት፣ ዋጠ። ዋጠ ልጆች።

ልክ ሲውጥ ዓይኑ ተለወጠ። ከተሰባበረው አፉ የበዳሶ ድምፅ ወጣ።

«አሁን እዚህም ነኝ፣ አስኩ። ቅበሪኝ።»

አስካለ አቡጀዲውን መሬት አስቀመጠች። ሄደችና ከታንኳው መቅዘፊያውን አመጣች።

«እንግዲህ አንተን ለመቅበር እሱን መቅበር አለብኝ» አለች።

መታችው። ራሱን መታችው። ስንት ጊዜ መታችው? እኔ እስከ ዘጠኝ ቆጥሬ ተውኩት።

ምን ታዩኛላችሁ? አዎ፣ ቆጥሬያለሁ። ስድስተኛው ማነው ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም፣ እኔም አልነገርኳችሁም። ልብስ ሰፊ እንደነበርኩ እናንተ አታውቁም፤ አልተወለዳችሁም። የዚያን አሳ ጣዕም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ይጣፍጥ ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰውነታችን ለእኛ ሲመለስልን መሬቱ ደም ነው። አስካለ ደም የሚያንጠባጥብ መቅዘፊያ ይዛ ቆማለች። ጓንጉልን በአቡጀዲው እየገነዘች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅሳለች። እንደ ባል ነው ያለቀሰችለት። ከዚያ ቀና ብላ አየችን። ቆጠረችን። በጣቷ እያመለከተች ቆጠረችን።

«ስድስት ቀረኝ» አለች።

እንዴት እንደሮጥን አትጠይቁኝ። ጫማችንን እንኳ አላነሳንም። ለመንደሩ ሰው «ጉማሬ ገደለው» አለች አሉ። አመኗት።

ተካልኝ ከዚያ በስድስት ወር ሞተ። ጎህ ሲቀድ ከሥራ ቦታው ደጃፍ ላይ ማጅራቱ ተሰብሮ አገኙት። ብቻውን ነበረ። ቀብሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች፣ ቤተሰቡ የማያውቃት። ከእናቱ በላይ ጮኸች። ግን «ተካልኝ» ብላ አልጮኸችም። «በዳሶዬ» ነው ያለችው። ሁለተኛው በሦስት ዓመቱ፣ ብቻውን ከጠበል ሲመለስ። ማጅራቱን። ሦስተኛው ብቻውን ከገበያ ሲመጣ። አራተኛው ግቢው ውስጥ፣ ከቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ሲሄድ። በሁሉም ቀብር ላይ ትመጣለች። በሁሉም ላይ ባሏን ታለቅሳለች። ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ሁሉም ብቻቸውን ነበሩ።

አምስተኛውን የቀበርነው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ለቅሶ ሄጄ የመጣሁት ለእሱ ነበር። ጥቁር የለበሰችው መጣች። አለቀሰች። ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና በሕዝቡ መሐል እኔን ብቻ አየችኝ። ጣቷን አነሳች። አንድ ጣት።

በማግስቱ እዚያ መንደር ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። አስካለ ካረፈች አስራ አንድ ዓመቷ ነው አሉኝ። ደስ አለህ ወይ? ብላችሁ ጠይቁኝ። አላለኝም። ባሏን ሞት መቼ ከለከለው?

ከሻማዋ አትሽሹ። አዎ፣ እፈራለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እፈራለሁ። ከዚህ እስከ ቤቴ ሦስት በር ነው። ሦስት በር ብቻ። ስመጣ ከሰው ጋር ነው የመጣሁት፤ ስመለስም ከሰው ጋር ነው። አይ፣ አንድ ሰው አይበቃም፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሊያወራ ይቆማል።

ተነሱ፣ ሁላችሁም ተነሱና ሸኙኝ። ማነው ደጁን የሚያንኳኳው? ሁላችሁም እዚህ አይደላችሁም እንዴ?