ሦስተኛው ኮንታክት

«ስልሳ ብለሽ ጻፊ አልሁሽ!»

ሚስራ እስክሪብቶዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች እንጂ አልጻፈችም። እናቷ ስለ ግትርነቷ ስታማርር ኖራለች፤ ዛሬ ደግሞ የጋሽ አካሉ ተራ ሆነ። በጣና ዳር የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ልምምድ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ የሚያሠለጥኗት እሳቸው ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ የማቀዝቀዣ ቤቱን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ትልቁ ብሬከር ተፈትቶ ተቀምጧል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፍባቸው ሦስት ጥንድ ኮንታክቶች አሉት። መለኪያው መሣሪያ መቶ አምፔር ልኮ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግዱ ሲፈትሻቸው የመጀመሪያው ስልሳ፣ ሁለተኛው ስልሳ ሁለት ማይክሮ ኦም ሆኑ። ሦስተኛው አራት መቶ አስር! እዚያ ጋ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ሊቃጠል ይችላል።

ጋሽ አካሉ ትንሿን የእጅ መለኪያ፣ ቴስተሯን፣ ደቀኑባት። «ይኸው፣ ዜሮ ይላል!»

«ቴስተር እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት አያይም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ኮንታክቱ እኮ እንደ መስተዋት ያበራል!»

ጉዱ እሱ ነበር። ትናንት «አብሪው» ብለው ብርጭቆ ወረቀት ሰጧት፤ እሷም ከሁሉ የጠቆረውን ሦስተኛውን እጇ እስኪዝል ፈገፈገችው። ጥቁረቱ ጉዳት አልነበረውም። ኤሌክትሪኩን በደንብ የሚያሳልፈው፣ ከላይ የተለበጠው ስስ ብር ግን አብሮ ተፍቆ ሄደ። በሳቸውም በራሷም ተናደደች።

የክፍል ጓደኛዋ ወንጌላዊት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አታካብጂ በናትሽ! የልምምድ ውጤታችንን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው።»

ሚስራ በበሩ አሻግራ አየች። ባዶው የብሬከር ሳጥን ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር እናቷ ዘይቱና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ዓሣ ትበልታለች። ነገ ብሬከሩ ተመልሶ ሲገጠምም እዚያው ትቀመጣለች።

«መለዋወጫ እስኪመጣ ዓሣው ይበሰብሳል» አሉ ጋሽ አካሉ፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደግሞስ ማን አበላሸው ሲሉ ምን ልትይ ነው?»

«እኔ ፈገፈግሁት እላለሁ። ማን አዘዘሽ ካሉኝም እናገራለሁ።»

«ውጤትሽስ?»

«አባቴ ጀልባ ይሠራል፣ ጋሼ። ቀዳዳውን በቀለም ሸፍኖ ለሰው አይሰጥም።»

ቅጹ ላይ ጎንበስ አለች። አራት መቶ አስር። ከጎኑ «በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል» ብላ አከለችበት። ከዚያ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች፦ ሚስራ መስዑድ ሂሻም።

እስክሪብቶውን በሁለት እጇ ለጋሽ አካሉ ዘረጋችላቸው።

«የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»