ባዶው ሣጥን ያንኳኳ ዕለት

እኔ «ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «በል ውሃ ጠጣና ተኛ» የምል ሴት ነኝ፤ እዚህ ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ስንኖር ሌሊት ጣሪያው ሲጮህ ጎረቤቶቼ ሌላ ነገር ይላሉ፣ እኔ ሚስማርና መዶሻ እፈልጋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ድሮም ፈሪ ናት» እንዳትሉኝ ነው።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ትልቁ ጀማል በቦሳሶ በኩል ባሕር እሻገራለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ፣ ሞተም አለም ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ትንሹ ከድርም መንገዱ አማረውና ሻንጣውን ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀላት። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ቃል ገባልኝ፦ ከዱባይ የመጣ ዕቃ ከየሱቁ ለቃቅሞ ኮምፒውተር ይገጥማል፣ ከሠራለት ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ እዚሁ ሐርጌሳ ከኔ ጋር ይኖራል፣ ካልሠራለት ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ አስቡት፣ የልጄ ነገር በአንድ የብረት ሣጥን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ገጠመው። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ላይ የሰፈሩ ጀነሬተር ሲነሳ ይበራል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ድርግም። ሙቀት ነው ብሎ ጎኑን ከፍቶ ማራገቢያዬን ደገነበት፣ ድርግም። ራም የሚሏትን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላትን ቁራጭ፣ አውጥቶ በላጲስ ፈገፈጋት፣ ድርግም። ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ክፍል ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ቴሌቪዥን ከሚጠግነው ጓደኛው ከሙባረክ ተውሶ ቀየረው፣ ያው ነው። ቢጨንቀው በሚኒባስ ጭኖ ሙባረክ ሱቅ ወሰደው፤ ታምኑኛላችሁ፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ ሳያስነጥስ ሠራ። ሙባረክማ «ይሄ የከተማ ልጅ ነው፣ ሼክ ኑርን ንቆ ነው» እያለ ሳቀበት፣ ምናልባት የሰፈራችሁ መብራት ይሆናል ብሎም ስታብላይዘሩን አዋሰው። ቤት መጣ፣ ተሰካ፣ ድርግም።

ሐሙስ ደረሰ። መግሪብ ሰግጄ ከምንጣፌ አልተነሳሁም፣ ከድር ደግሞ ሣጥኑን አበራው። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ፣ ከጠፋ በኋላ ግን ከውስጡ አንድ ድምፅ መጣ፦ ቋ ቋ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ቋ።

ከድር ሽቦ ሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ እየነካት ነው አለና ሽቦውን አሰረው። ቋ ቋ፣ ቋ። ማራገቢያዋን ነቀላት፣ ድምፁ አልቀረም። ሶኬቱን ከግድግዳው መዘዘው፣ አልቀረም። ከዚያ በንዴት ካቻቢቴውን ይዞ ሁሉንም አንድ በአንድ ፈትቶ ብርድ ልብስ ላይ ደረደረው፣ ሣጥኑ እንደ ባዶ የዘይት ጣሳ ሆኖ ቀረ። ሁለታችንም ዓይናችንን ተክለንበታል።

ቋ ቋ፣ ቋ።

«ብረቱ እየበረደ ነው፣ እማ» አለኝ፣ ካቻቢቴውን ግን እንደ ጩቤ ነበር የያዘው።

እኔ ይህን ማንኳኳት አውቀዋለሁ። ጀማል መኪና ሲያራግፍ አምሽቶ ሲመጣ ወንድሙን እንዳይቀሰቅስ የቆርቆሮውን በር ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ በጥፍሩ ይመታዋል፣ እኔም እንደተኛሁ «ግባ» እለዋለሁ። ከድር ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ስለነበር አያውቅም። ያገራችን ሰው በመግሪብ የጠራህ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አቤት አትበል ይላል፣ እናቴ ለኔ፣ እኔም ለልጆቼ ስንነግር ኖረናል። ግን ዓይኔ ሻንጣዋ ላይ አረፈ፣ ሣጥኑ እንደገና አንኳኳ፣ ወላሂ ምላሴ ቀደመኝ።

«ግባ» አልኩ።

ማንኳኳቱ ቆመ። የበሩ መጋረጃ ወደ ውስጥ ተነፋና ተመለሰ፣ ውጭ ግን ነፋስ አልነበረም።

ከድር ዞር ብሎ አየኝ። «ማንን ነው?»

«ማንንም። አንተ ዕቃህን ግጠም።»

ገጠመው፣ ያንኑ ዕቃ፣ አንዲት ብሎን ሳይቀይር። በራ፤ ጀነሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ አልጠፋም። በማግስቱ ጓደኞቹ መኪና ላይ ሆነው ሲጠሩት እጁን አውለበለበላቸውና ተመልሶ ገባ። ሻንጣዋን አሁን ሽንኩርት አደርግባታለሁ፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ድርግም ብሎ አያውቅም። ከድር የላላ ነገር ነበር፣ ስፈታው ተስተካከለ ይላል፣ እኔም አዎ ልጄ እለዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አጠገቤ አለ።

ለሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ጀማል ምንም ቢደክመው፣ ግባ ስለው «አሰላሙ አለይኩም እማ» ሳይል ደፍ ረግጦ አያውቅም። ያን ዕለት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፣ ዛሬም መግሪብ በደረሰ ቁጥር እጠብቃለሁ።

ያ የገባው ግን ሰላም አላለም።