የሐጂ ዘይኑ ተራራ

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የሞቱት በገዛ ሐዲዳቸው መካከል ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው አንዱን ክፍል የሞላው ጠረጴዛ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ፣ መካከሉ ግን እንደ ጉድጓድ ክፍት ነው። በላዩ ከኮምቦልቻ ሜዳ እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው አገር በቆርቆሮና በጀሶ ተሠርቶ፣ አንዲት ትንሽ ባቡር ትዞርበታለች። አዛን በተጠራ ቁጥር ትቆማለች። ሐጂ ለሞዴል ባቡር ተማሪዎቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ይህንን ነበር።

ወደ መካከሉ የሚገባው ከጠረጴዛው ሥር ባለች ጠባብ በር፣ በዳዴ ነው። ድመት እንዳይገባ ብለው መቀርቀሪያዋን በውጭ በኩል አድርገውታል። ኢንስፔክተር ሰዒዳ ስትደርስ በሯ ከውጭ ተቀርቅራ ነበር። ሐጂ ከጀሶው ተራራ ሥር ጉልበታቸውን አቅፈው ቀርተዋል። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒታቸው ማዶ፣ መስኮቱ ላይ ነው፤ ስልካቸውም ከጠረጴዛው ውጭ በማቆሚያው ላይ እንደቆመ ተዘግቷል። በተራራው ላይ ሁለት መዳፍ ታትሟል፤ ጀሶው ግን አልተሰነጠቀም።

ሰዒዳ በልቧ ዱዓ አደረገችና የሐጂን ልጅ ለይላን ፈለገች።

በዚያን ቀን የሞዴል ባቡሮች ዐውደ ርእይ በኢንተርኔት ይታይ ነበር፤ ሐጂ ከቤታቸው፣ ተማሪያቸው ሀፊዝ ከኮምቦልቻ፣ ዝግጅቱን የምትመራው ፊርደውስም ከነባቡሯ ከደሴ ፒያሳ ሱቋ። ድምፅ የተከፈተው ለፊርደውስ ብቻ ነው። የሐጂ ተራ መጨረሻ ላይ ነበር። ተራቸው ደርሶ ሳይታዩ ሲቀሩ ተመልካቹ ሁሉ ኔትወርክ ነው ብሎ ተወው። ቤት ውስጥ ከልጃቸው ከለይላ በቀር ሰው አልነበረምና፣ የፖሊስ አዛዡ ነገ ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል።

ሰዒዳ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ባልደረቦቿ «የሷ ምርመራ ለቅሶ ቤት ነው፤ እሷ ትቀመጣለች፣ ሰው ያወራል» እያሉ ያሾፉባታል። ለይላ የሚጠባ ልጇን ታቅፋ አወራቻት። ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። የግቢው በር መክፈቻ ገመዱን ለሚያውቅ ሰው ክፍት ነው። የባቡሯ ድምፅ ስለሚሰማት አባቷ ደህና ናቸው ብላ ነበር።

«ሰሞኑን የተቆጡት ሰው ነበር?»

«‹አንዱ የሰው እጅ ሥራ በስሙ ያሳያል፤ በዐውደ ርእዩ ቀን ራሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› ይሉ ነበር። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።» ልጇን አጥብቃ አቀፈችው። «ማን ያምነኛል፣ እትየ? ከኔ በቀር ሁሉም ስክሪን ላይ ነበር። ይሄን ይዤ ነው የምታሰረው?»

ፊርደውስ ምላሷ የማያርፍ ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተመልካች ጋር ስትጠያየቅ እንደነበር የሚመሰክርላት ብዙ ነው። የዐውደ ርእዩን ቅጂ ሰጠቻት።

«የሀፊዝ ባቡር አንዴ ቀጥ አለበት። ‹ሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበት ከዳው› ብዬ አሾፍኩበት። ፈገግ እንኳ አላለልኝም። ወትሮ በጽሑፍም ቢሆን ሳይመልስልኝ አያድርም ነበር።»

ሀፊዝን ኮምቦልቻ ወርዳ ስታገኘው ዓይኑ አብጦ ነበር። ሐጂን አባቴ ነው የሚላቸው። ባቡሩ ለምን እንደቆመ ጠየቀችው፤ መብራት ሄዶ ነው አላት።

ደሴ ተመልሳ ቅጂውን ደጋግማ አየችው። በመካከሉ ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተጠራ። እጇ፣ ሳታዝዘው፣ ቪዲዮውን አቆመው። ሰዒዳ ያን እጇን ቁጭ ብላ አየችው።

በማግስቱ ሁሉንም በሐጂ ክፍል ሰበሰበች። አዛዡም መጡ።

«ሀፊዝ፣ መብራት ሄደ አልከኝ። ከኋላህ ያለው ማራገቢያ ግን ይዞር ነበር።»

«እንግዲያው ሐዲዱ ይሆናል። ተዘበራርቆብኝ ነው።»

«ባቡሩን ያቆመው እጅህ ነው። ከዚያ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ሲያበቃ ፊትህን በመዳፍህ ታብሳለህ። አዛን ሰምተህ ዱዓ አደረግህ። በዚያ ሰዓት ግን ደሴም ኮምቦልቻም አዛን አልተጠራም። ቆይቶ ዐስር ሲጠራ በፊርደውስ ማይክ ይሰማል፤ እሷ ባቡሯን አቆመች። ያንተ ይሮጣል።»

ፊርደውስ «ያ ረቢ» አለች በቀስታ።

«ስክሪኑ ላይ የነበረው የሌላ ቀን ሀፊዝ ነው። ስትቀርጸው አዛን ተጠራ፤ እጅህ እንደለመደው አቆመ። እጅ የለመደውን ዓይን አያየውም፤ ሳትቆርጠው ለቀቅኸው። ፊርደውስ ስታሾፍብህም ቅጂ መልስ አይሰጥም። አንተ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጥተህ፣ ገመዱን ስበህ ገብተህ፣ በሯን ቀርቅረህ ስልካቸውን አጠፋህ።»

ሀፊዝ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ባቡሩን ከውጭ አስመጥቶ ቀለም እንደቀባው፣ ሐጂም እንደደረሱበት አልካደም።

«ወላሂ፣ ልገድላቸው አልነበረም። ተራቸው እስኪያልፍ ብቻ ነው። ቢጨንቃቸው ተራራውን ገፍተው ይወጣሉ ብዬ ነው። ባዶ ጀሶ እኮ ነው፤ ሕፃን ይጥለዋል።»

ሰዒዳ ተራራው ላይ ያለውን የሐጂን መዳፍ ምልክት አሳየችው። «እጃቸውን አሳርፈው ነበር። ከዚያ አነሡት። ሀፊዝ፣ አንተ ሐጂን ታውቃቸዋለህ። ይህን ተራራ ይሰብሩታል ብለህ ነው?»

አዛዡ የሀፊዝን እጅ ይዘው አስነሡት።

ለይላ ልጇን ለፊርደውስ አቀበለችና በዳዴ ወደ መካከሉ ገባች። አባቷ ከነበሩበት ቆመች። መዳፎቿን በመዳፎቻቸው ምልክት ላይ አሳርፋ ገፋችው።

ተራራው በአንድ ግፊት ወደቀ። ሰዒዳ አልከለከለቻትም።