እግር አንባቢው በር

የላይኛው ከተማ ጤና ጣቢያ በር ማንንም ስምህ ማነው አይልም። ማሽን ነው፤ የሰው እርምጃ ያያል። እግር አንባቢ ይሉታል፤ ወረፋተኛው ገለል ብሎ መንገድ የለቀቀለትን ሰው ጠንቶበታል ብሎ ያስገባዋል። ስንት ዓመት ሲሠራ ማንንም አልገረመም።

ብርዛፍ ክንዷ አብጦ፣ ትኩሳት እያንዘፈዘፋት መጣች። ገላዋን ሸጣ ነው የምትኖረው፤ የሱስ መርፌም ትወጋለች። ምን ማድበስበስ ያስፈልጋል። የወጋችበት ቁስል ደሟን መርዞታል፤ ዛሬ ካልታከመች አታድርም።

በቀኝ የሥራ ጓደኞቿ ተሰልፈዋል። ዘቢደር የምትባለዋ አፍንጫዋን ያዘች። "እኛ ሠርተን አዳሪ ነን። መርፌኛ እኛ ጋ ምን አላት?"

በግራ የሱስ ማስታገሻ መድኃኒት የሚወስዱት ቆመዋል። ጌጡ የሚባለው ሳቀ። "ብወጋም ወግ አለኝ። ሴተኛ አዳሪ አጠገቤ አትቆምም።"

ሁለቱም ሰልፍ ሸሻት። በሩ ወለል አለ። እግሯ ባይከዳት ኖሮ ገብታ ነበር።

"ምን ነካው? እኛ እኮ ተጸይፈናት ነው!" አለች ዘቢደር።

"እሱ ምን ያውቃል" አለ ዘበኛው መንክር። "መሃል አስገቧትና ተጠጓት፤ ያኔ ይዘጋል።"

ተጠጓት፤ ተዘጋ። ላለማስቀደም ሲሉ ትከሻዋን ታከኩ። ዘቢደር የብርዛፍ ክንድ ሲነካት ክው አለች። "ይቺ ልጅ እሳት ሆናለች እኮ።"

ጌጡ እብጠቱን አየው። ወንድሙን የቀበረው በዚሁ ነው። "ወረፋው አይደርሳትም" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ምን ይገትርሃል? ልቀቅላት።"

"አንቺስ?"

ዘቢደር ወደ ኋላ ሄደች። ጌጡም ሄደ፤ ሌላውም ተከተለ። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ተመልሰው ደግፈው አስገቧት።

ብርዛፍ ሲሻላት የበሩ መሐንዲስ ሶስና አልጋዋ ድረስ መጣች። በሩ ያየውን የሁለቱን ጊዜ እርምጃ ግድግዳው ላይ አበራችላት።

"እግሩ ያው ነው። ጥላቻውም ርኅራኄውም አንድ ዓይነት ነው የሚራመደው። አንቺ በምን ለየሽው?"

ብርዛፍ ሳቀች። "ሲሸሹኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። ኋላ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የለቀቁልኝ። እግር ምን ያውቃል፣ እቴ?"

ሶስና ብርሃኑን አጠፋችው። ማሽን የሰው ፊት እንዳያነብ ሕግ አለ፤ ያ ለሰው የተተወ ሥራ ነው። ሥራውን የተወው ግን ሰው ራሱ ነው።